ጭብጨባው ለሌሎቹም ይድረስ፦ ለንደን ላሉ የሐበሻ ማኅበራትና ኮሚቴዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የማኅበረሰብ ማኅበራት ኃላፊዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች፤

ሰላምታዬን አስቀድሜ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው መስከረም፣ እንቁጣጣሽን ባከበርንበት እሁድ፣ እንደየዓመቱ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችንን አመሰገንን። ስማቸው በማይክ እየተጠራ ወጡ፣ ስጦታ ተቀበሉ፣ ፎቶ ተነሱ። አንዷ ሜዲሲን ነው የገባችው። ስሟ ሲጠራ እናቶች ተነስተው አዳራሹን በእልልታ አቀለጡት። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ይገባታል።

የኔ ልጅ ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያ ማይክ ማፏጨት ሲጀምር የሚጠራው እሱ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ የተቆረጠውን ገመድ ሲቀጥል ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ኤሌክትሪሺያን የሚያደርገውን አፕረንቲስሺፕ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩበትን ቦታ፣ አግኝቶ ሥራ ጀምሯል። ስሙ ግን አልተጠራም። ዝርዝሩ የዩኒቨርሲቲ ነዋ!

ማንንም ልወቅስ አይደለም። ዝርዝሩን የያዘው ወንድማችን ደውሎ «ያንተስ ልጅ?» ቢለኝ ኖሮ እኔ ራሴ «የሱስ ይቆይ» የምል ይመስለኛል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው መልሴ ነው።

የሆነውን ላጫውታችሁ። ልጄ በ2022 ጂሲኤስኢ (እዚህ በአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሚወሰደውን ፈተና) ተፈተነ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የልጆቹ ወረቀት በዚያው ስለሆነ።) ውጤት የመጣ ቀን ወረቀቱን ይዤ ግራ ገባኝ። እኔ «ከክፍል ስንተኛ ወጣህ?» እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። 9 ከፍተኛው፣ 1 ዝቅተኛው ነጥብ መሆኑን የተማርኩት በዚያ ቀን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሒሳብ 9 አመጣች ሲባል «አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው» ብያት ነበር። እስካሁን ስታየኝ ትስቃለች።

የኔው ልጅ ሒሳብ 6፣ ሳይንስ 6 እና 5፣ እንግሊዝኛ 5፣ ዲዛይንና ቴክኖሎጂ 7 አመጣ። ሰባቱን እንደ ትምህርት አልቆጠርኩትም። እሱ ኮሌጅ ገብቼ ኤሌክትሪክ ልማር አለኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤቱ ሲክስዝ ፎርም (የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት) ትቀጥላለህ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ትወስዳለህ አልኩት። ለምን እነዚያን? ሐኪም ይሆናል ብዬ ነዋ። ደም ሲያይ እንደሚያጥወለውለው እያወቅኩ!

በጠርዝ ነጥብ ተቀበሉት። በዓመቱ መጨረሻ የውስጥ ፈተናውን ወደቀ። ትምህርት ቤቱ ጠራንና፣ ሁለተኛውን ዓመት ባይቀጥል ይሻለዋል፣ ሌላ ቦታ ብትፈልጉለት አለን። እኔም እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ያመሰገንኩትን አስቡት። በኋላ ነው የሰማሁት፤ በ2017 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ኦርፒንግተን ውስጥ፣ አንድ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነጥባቸው ያነሰ ተማሪዎችን በኤ ሌቭል (በሲክስዝ ፎርሙ ትምህርት) መሀል ሊያሰናብት ሲል ወላጆች ጠበቃ ይዘው ተነሱበት። ትምህርት ቤቱም ሐሳቡን ቀየረ። አንድን ተማሪ አንዴ ሲክስዝ ፎርም ተቀብለው ካስገቡት በኋላ ነጥብህ አነሰ ተብሎ አይባረርም። እኛ ቤት ግን ይሉኝታ አለ፤ አስተማሪ ያለው ሕግ ነው።

አንድ ዓመት እንዲህ ባከነ። ከዚያ ኮሌጅ ገባ፣ ሁለት ዓመት ተማረ፣ ዘንድሮ ሥራ ላይ ነው። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ኮሌጅ ይውላል፤ ሌላውን ቀን ቦቲውን አጥልቆ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት ይወጣል። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ አንዳንድ ቀን የጠዋት ፈረቃ ሲገጥመኝ አብረን እንወጣለን። በመንገድ ላይ ስለ ፊውዝ ቦርድ ያስረዳኛል። ስለ ኬሚስትሪ አንድ ቀን እንዲህ አውርቶልኝ አያውቅም።

ለምን እንዲህ ሆንን? እኔ የሚመስለኝን ልናገር። አጎቴ ከተግባረ ዕድ ወጥቶ መብራት ኃይል ሲቀጠር ሰፈሩ በሙሉ ያከብረው ነበር። በሱ ዘመን የእጅ ሙያ ያለው ሰው የሚፈለግ ሰው ነበር። በኋላ፣ በ1994 የትምህርት ፖሊሲ ተቀየረና 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና መጣ። ነጥብ የሞላለት ፕሪፓራቶሪ ይገባል፤ ያልሞላለት ቴክኒክና ሙያ። ታናሽ እህቴ አልሞላላትም። እናቴ ለጎረቤት «ኮሌጅ ገብታለች» ነበር የምትለው። የትኛው ኮሌጅ ስትባል ቡናውን ማማሰል ትጀምራለች። «ቴክኒክ» የሚለው ቃል ጆሯችን ላይ «ወደቀ» ሆኖ የቀረው ያኔ ነው። ያንን ጆሮ ይዘን ሂትሮው ወረድን።

እዚህ ያለው አሠራር ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ መቆየት አለበት፤ ከ2015 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው። የት ይቆያል የሚለው ግን ምርጫ ነው። ኤ ሌቭል አለ፣ በአብዛኛው ሦስት ትምህርት ለሁለት ዓመት። ቢቴክ አለ፣ በፈተና ብቻ ሳይሆን በሚሠሩት ሥራም የሚመዘኑበት። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ቲ ሌቭል መጥቷል። አንድ ሙያ ይዘህ ሁለት ዓመት ትማራለህ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 315 ሰዓት እውነተኛ መሥሪያ ቤት ገብተህ ትሠራለህ። ሲያልቅ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ እንደ ሦስት ኤ ሌቭል ይቆጠራል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ኮርስ አይቀበለውም፤ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። አፕረንቲስሺፕ ደግሞ እየሠሩ፣ ደመወዝ እየተከፈሉ መማር ነው፤ እስከ ዲግሪ የሚደርስም አለ። ቢቴክን ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። መንግሥት በኦክቶበር 2025 ባወጣው ዕቅድ ቀስ በቀስ «ቪ ሌቭል» በሚባል ነገር ሊተካው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በ2027 ይጀምራሉ። እኛ አንዱን ስም ሳንለምደው እነሱ ሌላ ያወጣሉ።

ኤ ሌቭል መጥፎ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ለሚሆነው ልጅ ከሱ የተሻለ የለም። እሱም ውስጥ ግን ወላጅ የማያየው ጉድጓድ አለ። አገር ቤት ናቹራል ወይም ሶሻል ብለህ ትገባለህ፤ ሌላውን ሥርዓቱ ይመርጥልሃል። እዚህ ልጁ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሦስት ትምህርት ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘጋው ይዘጋል። ኬሚስትሪ ያልያዘ ልጅ አብዛኛው የሜዲሲን ትምህርት ቤት አይቀበለውም። ሒሳብ የተወ ኢንጂነሪንግ አያስብ፤ ፊዚክስም ይጠይቃሉ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወገናችን ሴት ልጁ «ሲቪል ኢንጂነር ነኝ» እያለች አደገች። ቢዝነስ፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ይዛ ሁለት ዓመት ተማረች። ጎበዝ ነበረች፣ ጥሩ ነጥብ አመጣች። ለዩኒቨርሲቲ ስታመለክት ነው «ሒሳብሽ የታል?» የተባለችው። አባቷ እረፍት ክፍል ውስጥ ሻዩን ይዞ «ማን ነበር የሚነግረኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጆቹስ ይነገራቸዋል። ከ2018 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች የኮሌጅና የአፕረንቲስሺፕ ሰዎችን በራቸውን ከፍተው ማስገባት አለባቸው፤ በ2023 ሕጉ ጠብቆ ከይር 8 እስከ ይር 13 (ይር ማለት እዚህ ክፍል ነው) ቢያንስ ስድስት ጊዜ እንዲሆን ተደርጓል። የኔም ልጅ ሰምቶ ኖሯል፤ የኮሌጁን ወረቀት ቤት ድረስ አምጥቶልኝ ነበር። እናቱ ቡና ስታፈላ ከረከቦቱ ሥር አነጠፈችው። ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ «እሱንም ትጽፈዋለህ?» ትላለች። እጽፈዋለሁ። ያልተነገረን እኛ ነን። ውሳኔው ደግሞ ከኛ ፈቃድ አይወጣም።

ስለ ገንዘብ ካልጻፍኩ ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ልጁ ትምህርቱን ከቀጠለ ቻይልድ ቤኔፊት (መንግሥት ለልጅ ማሳደጊያ የሚከፍለው) አይቋረጥም፤ ግን ይቀጥላል ብላችሁ ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ለኤችኤምአርሲ፣ ማሳወቅ አለባችሁ። ካላሳወቃችሁ አሥራ ስድስት ከሞላው በኋላ ባለው ኦገስት 31 ቀጥ ይላል። አፕረንቲስሺፕ ከገባ ግን ይቆማል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጎማ) ላይ ለልጁ የሚታሰበውም እንዲሁ። ይህን ሰምተው ልጃቸውን ከአፕረንቲስ ያስቀሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። የአፕረንቲስ ዝቅተኛ ደመወዝ በኤፕሪል 2025 በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፤ ኪራይ ለሚያንቀው ቤት የሚሞላው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል በ2025 ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የዓመት ክፍያው እስከ 9,535 ፓውንድ ይደርስ ነበር፣ አብዛኛው በብድር። በዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የሚማር ይህን አይከፍልም። ወለድ ያለበትን ብድር ለማይነኩ ሙስሊም ቤተሰቦቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወለድ የሌለበት የተማሪ ብድር እንዲኖር በ2017 ሕግ ወጥቶ ልጆቹ ዛሬም እየጠበቁ ናቸው። ሲክስዝ ፎርምም ሆነ ኮሌጅ ለሚገባ ልጅ በርሰሪ የሚባል ድጎማ አለ፤ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ነው። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ምሳም በነጻ ያገኛል። አውቶቡስ ደግሞ 16+ ዚፕ ካርድ ካወጣ በነጻ ነው። እሱን እንኳ እኔ አረጋግጥላችኋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እየተጋፉ የሚሳፈሩት እኔው መኪና ላይ ነው።

ስለ አንድ ሌላ ወገን ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ብቻቸውን ባሕር ተሻግረው የመጡ፣ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች በየእሁዱ ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። እናት የላቸውም፣ ረከቦትም የላቸውም። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ኮርስ ብቻ ተሰጥቷቸው ዓመት ሙሉ እዚያው ይዞራሉ። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ገና ቢሆንም ከ16 እስከ 18 ላለ ልጅ የኮሌጅ ትምህርት በነጻ ነው። በካውንስል ጥበቃ ሥር ያለ ልጅ ደግሞ በዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ በርሰሪ ሊያገኝ ይችላል። ከእንግሊዝኛው ጎን ሒሳብ ወይም ሙያ ጨምሩልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። አንዱን ልጅ ባለፈው አነጋገርኩት። ሱዳን ሳለ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ነው። ስለ ሞተር ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ኮሌጁ ውስጥ ስለዚህ የጠየቀው ሰው አለ ወይ ስለው ሳቀብኝ። ይሄ ልጅ ከኛ ውጭ ማን አለው?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። አዲስ ማኅበር አቋቁሙ አላልኩም፤ ማኅበርስ ሞልቶናል። በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ስጡን። የይር 10 እና የይር 11 ወላጆች ይጠሩ፣ ነገሩ በአማርኛ ይነገራቸው። በትግርኛና በኦሮምኛ የሚነግርም ቢገኝ ደስታውን አልችለውም። ጊዜው ኦክቶበር ይሁን። ኮሌጆችና ሲክስዝ ፎርሞች በራቸውን ከፍተው የሚያስጎበኙት በዚያ ሰሞን ነው፤ ማመልከቻውም ከዚያው ተያይዞ ይመጣል። እኛ ግን የምንነቃው በኦገስት፣ ውጤት በመጣ ማግስት ነው። ያኔ ጥሩ ጥሩው ቦታ ተይዟል፤ ልጁም አባቱም በላብ ተጠምቀው ወረፋ ላይ ናቸው።

ተናጋሪ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። መካከላችን ነርሶች አሉ፣ ኮሌጅ የሚያስተምሩ አሉ፣ አካውንታንት አለ፣ ጋዝ የሚገጥም አለ። በተለይ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ። ሜዲሲን የገባችው ልጅ ለታናናሾቿ «ኬሚስትሪ እንዳትለቁ» ብትላቸው እኔ ሺህ ጊዜ ከምናገረው ይሰማል። ከአጠገቧ ቲ ሌቭል የሚማር አንድ ልጅ ይቀመጥ። በኤ ሌቭል የወደቀም ይቀመጥ፤ የኔው ፈቃደኛ ነው፣ ጠይቄዋለሁ። «አንተም ከተቀመጥክ» አለኝ። እሺ ብያለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ መስከረሙ ዝርዝር ነው። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ይጠሩ፣ ይገባቸዋል። ከነሱ ጋር አፕረንቲስ የጀመረው፣ ኮሌጅ የጨረሰችው፣ ሒሳብን በሦስተኛ ሙከራ ያለፈውም ይጠራ። ይህን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ነገር አቅልላችሁ አትዩት፤ 4 ያላመጣ ልጅ ሌላ ትምህርቱን እየተማረ እነሱንም ጎን ለጎን መቀጠል አለበት። ኖቬምበር ላይ ብርድ ቆርጦት ለዳግም ፈተና የሚቀመጥ ልጅ እልልታ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይገባዋል። አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ደግሞ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ለማን እንደምናጨበጭብ ያያሉ፤ አንዷ የኔ ልጅ ናት። ወንድሟን ከጠረጴዛው ጀርባ ስታየው አየኋት። ቤት ስንገባ «አባ፣ እኔ ኮሌጅ ብገባ ስሜ አይጠራም ማለት ነው?» አለችኝ። ዘንድሮ ይር 11 ናት። የቲ ሌቭል ጤና ኮርስ ያለበትን ኮሌጅ ሄደን አይተናል፤ ሆስፒታል ገብታ መሥራት ያለበት መሆኑን ወዳዋለች። ለነርስነት ይቀበሉት እንደሆነ ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። ኤ ሌቭልም ከዝርዝሯ አልወጣም። እስክትወስን ድረስ አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ቀላል አይደለም።

የአዳራሹን መርሐ ግብር ጠይቄያለሁ፤ በኦክቶበር ሁለተኛው እሁድ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። ወንበር የሚያወጡ አራት ሰዎች አግኝቻለሁ፣ ቡናውን ባለቤቴ እኔ አለሁ ብላለች። የቀረው የናንተ እሺታ ነው። ማይኩ ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እንደገና እያፏጨ ነው። ለልጄ ነግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት፣ ሰሜን ለንደን